ጋዜጠኛውን ወደ ቴሌስኮፑ ማምጣት፤ ለሥነ ፈለክ ክበባት የቀረበ መመሪያ

በከተማችሁ አደባባይ ወይም በትምህርት ቤታችሁ ሜዳ ቴሌስኮፕ ተክላችሁ ሕዝቡን ሰማይ ልታሳዩ ነው እንበል። ፈቃዱ ወጥቷል፣ በጎ ፈቃደኞቹ ተመድበዋል፤ የቀረው «ሚዲያ እንጥራ» የሚለው ነው። ብዙ ክበብ ይህን ሥራ ለመጨረሻው ሳምንት ያቆየዋል። አንድ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ ለየጣቢያው ይበተናል፣ ከዚያ መጠበቅ ነው። የእኔ ምክር ከዚህ የተለየ ነው፦ ዝግጅቱን ከማቀዳችሁ በፊት ዜናውን አቅዱ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ስትመርጡ ካሜራ የያዘው ሰው ምን ይዞ ወደ ቢሮው እንደሚመለስ አስቡ። ይህ ለታይታ የሚደረግ ነገር አይደለም። የጨረቃን ጉድጓዶች በቴሌስኮፕ አይቶ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ እጅግ ጥቂት ነው፤ ሜዳችሁ የሚችለው ደግሞ የተወሰነ ሰው ነው። አንድ የሬዲዮ ፕሮግራም ግን እናንተ ልትደርሱበት ከማትችሉት ቤት ይገባል።

መጀመሪያ ዜናውን ፈልጉ

«ክበባችን የሰማይ ምልከታ ምሽት አዘጋጅቷል» የሚለው ለእናንተ ትልቅ ነገር ነው። ለዜና አዘጋጁ ግን በዚያ ዕለት ጠረጴዛው ላይ ካረፉት የስብሰባ፣ የምረቃና የዐውደ ጥናት ጥሪዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ብዕር ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ፦ የከተማችን ሰው ይህን ነገር ዛሬ ለምን ይስማው? «ሳይንስ ጠቃሚ ስለሆነ» የሚለው መልስ አይበቃም።

ሰኔ 14 ቀን 2012 እሑድ ጠዋት ቀለበታዊው የፀሐይ ግርዶሽ በላሊበላ በኩል ሲያልፍ ለአዘጋጆች ብዙ ማስረዳት አላስፈለገም። ቦታውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሰዓቱ የተቆረጠ ነው፤ ያ ጠዋት ካመለጠ ደግሞ አመለጠ ነው። እንዲህ ያለ ዕድል በየዓመቱ አይመጣም፤ አሠራሩን ግን መቅዳት ይቻላል። ቀንና ሰዓት ሰማዩ ይሰጣችኋል፤ ቦታውንና ሰውን የምታመጡት እናንተ ናችሁ።

ከአገር ውስጥ የተገኘ ወሬ ሲኖራችሁ ቅድሚያ ስጡት። አንዱ በእጃችሁ ነው፦ በ2012 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አገሮች ከዋክብትንና ፕላኔቶችን እንዲሰይሙ ዕድል ሲሰጥ፣ ኢትዮጵያ አንዱን ኮከብ ቡና፣ እሱን የሚዞረውን ፕላኔት ደግሞ አቦል ብላ ሰይማለች። ኮከቡ ያለው አንድሮሜዳ በተባለው ኅብረ ኮከብ ውስጥ ነው። ያለ መሣሪያ አይታይም፤ ከከተማ መብራት ወጣ ብሎ በባይኖኩላር ወይም በትንሽ ቴሌስኮፕ ግን ይገኛል። በኅዳርና በታኅሣሥ ምሽቶች በሰሜን በኩል ከፍ ብሎ ይቆያል። «ቡና የተባለውን ኮከብ እያየን ቡና እንጠጣ» የሚል ጥሪ የሚያልፍ አዘጋጅ አይኖርም ብዬ አምናለሁ። ፕላኔቱ አቦል በእናንተ ቴሌስኮፕ እንደማይታይ ግን አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ያልነገራችሁት ነገር ሜዳው ላይ ሲገለጥ ዜናው የእናንተ ድክመት ይሆናል።

ሌላው የባሕረ ሐሳብ ነገር ነው። የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበት ስሌት በ19 ዓመት የጨረቃና የፀሐይ ዑደት ላይ የቆመ ነው። አንድ የባሕረ ሐሳብ መምህርና አንድ የፊዚክስ መምህር ጨረቃዋን እያዩ ስለዚህ ዑደት ሲጨዋወቱ ቢቀዳ፣ ለሬዲዮ ከዚህ የተሻለ ነገር አይገኝም። መምህሩን ስትጋብዙ ግን ለጌጥ አይሁን፤ ቀድማችሁ ሄዳችሁ አነጋግሩ፣ ስለ ምን እንደሚናገሩ ራሳቸው ይምረጡ። የረመዳን ጨረቃ ስትጠበቅም ጋዜጠኞች ሊደውሉላችሁ ይችላሉ። ጨረቃዋ ስንት ሰዓት እንደሞላትና ከፀሐይ በኋላ ስንት ደቂቃ እንደምትቆይ መናገር የእናንተ ሥራ ነው፤ ጾሙ መቼ ይጀምራል የሚለውን ግን ለሚመለከታቸው የሃይማኖት አባቶች ተዉት፤ ይህንንም በግልጽ ተናገሩ።

መጪዎቹን ቀኖች ከአሁኑ በክበቡ የቀን መቁጠሪያ ላይ አስፍሯቸው። የዓለም የጠፈር ሳምንት በየዓመቱ ከመስከረም 24 እስከ 30 አካባቢ ይውላል፤ ዝናቡ እያበቃ ስለሚሆን ለደጋው ከተሞች ይመቻል። በታኅሣሥ መጀመሪያ ጀሚኒድስ የተባሉት ተወርዋሪ ከዋክብት ይመጣሉ፤ ለእነሱ ቴሌስኮፕም አያስፈልግ፣ ጋቢ ለብሶ መተኛት ነው። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ በሉክሶር፣ በጅዳና በመካ በኩል ያልፋል፤ እኛ ዘንድ በከፊል ይታያል፤ ወደ ሰሜን ምሥራቅ በቀረባችሁ ቁጥር ደግሞ ጨረቃ የምትሸፍነው ይጨምራል። ጅዳ ያሉ ወገኖቻችን ወደ 6 ደቂቃ የሚጠጋ ሙሉ ጨለማ ስለሚያዩ፣ ለአዲስ አበባ ጣቢያ በስልክ የሚናገር ሰው እዚያ ቀድማችሁ ፈልጉ። ታኅሣሥ 22 ቀን 2021 ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ አለ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 5 ሌሊት ደግሞ አፖፊስ የተባለው አስትሮይድ ከምድር ገጽ 32,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያልፋል፤ ከአፍሪካም በዐይን ብቻ ይታያል። ለዚህኛው ጋዜጠኞቹ ራሳቸው ይመጣሉ፤ የመጀመሪያው ጥያቄያቸውም «ይመታናል ወይ?» የሚለው ይሆናል። መልሱ አይመታንም ነው፤ ናሳ በ2013 ዓ.ም. በራዳር ምልከታ ተደግፎ ቢያንስ ለ100 ዓመት ስጋት እንደሌለ አስታውቋል።

ሰዓቱን ለካሜራ አመቻቹ

ብዙ ዝግጅት ያለ ሽፋን የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። እኛ አገር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች፤ ሰማዩ ለምልከታ የሚበቃ ጨለማ የሚያገኘው ከ1 ሰዓት በኋላ ነው። የማታው ትልቅ ዜና ደግሞ 2 ሰዓት ላይ ነው። በ1 ሰዓት ተኩል የተቀረጸ ምስል ተመልሶ፣ ተቆርጦና ተጽፎ ለዚያ ዜና አይደርስም፤ ነገ ደግሞ የነገ ዜና አለ። ጋዜጠኛው መምጣት ቢፈልግም አለቃው ላይፈቅድለት ይችላል።

መፍትሔው ጨረቃ ናት። ሙሉ ጨረቃን አትምረጡ። ሙሉ ስትሆን ብርሃኑ ፊት ለፊት ስለሚመታት ጥላ የላትም፣ ጉድጓዶቿም አይለዩም። የተሻለችው 7 ቀን ገደማ የሆናት ግማሽ ጨረቃ ናት። ብርሃንና ጨለማ በሚዋሰኑበት መስመር ላይ ተራሮቹና ጉድጓዶቹ ጥላ ጥለው ፈጥጠው ይታያሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህች ጨረቃ የምትወጣው ቀትር ላይ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ በሰማያዊው ሰማይ ከፍ ብላ ትገኛለች። በዚያ ሰዓት ቴሌስኮፑን ብትተክሉ የካሜራ ባለሙያው ሕፃኑ ዐይኑን ሲያሳርፍ፣ እናቱ ስትስቅ፣ ሰልፉ ሲረዝም በደህና ብርሃን ይቀርጻል። ከጎን የፀሐይ ማጣሪያ በተገጠመለት ሌላ ቴሌስኮፕ በፀሐይ ላይ ያሉትን ጥቁር ነጠብጣቦች ታሳያላችሁ። ጋዜጠኞቹ 11 ሰዓት ላይ ሥራቸውን ጨርሰው ይሄዳሉ፣ 2 ሰዓት ላይ ዜናው ይወጣል። የምሽቱን ምልከታ ለሕዝቡ ትቀጥላላችሁ፤ በማግስቱም ምሽት ዝግጅት ካላችሁ ዜናውን ያየ ሰው ይመጣል። ስለዚህ ዝግጅቱን ከተቻለ የሁለት ቀን አድርጉት።

ሰማዩ ራሱ ከዜናው ሰዓት ጋር የሚገጥምበት ጊዜም አለ። ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ጨረቃ ሙሉ በሙሉ ወደ ምድር ጥላ የገባችው ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር፤ መውጣት የጀመረችው ለ4 ሰዓት 8 ደቂቃ ሲቀር። የ2021ዱ የታኅሣሥ ግርዶሽ ደግሞ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ እስከ 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ በሙላት ይቆያል፤ ወሩም ደመና የማይበዛበት ነው። ቀጥታ ሥርጭት መጠየቅ ያለባችሁ ለእንዲህ ያለው ምሽት ነው፤ ጥያቄውም ከወራት በፊት ይቅረብ።

ደብዳቤው፣ ከእሱ ጋር የሚሄደውም ወረቀት

የእኛ ተቋማት በማኅተም ያምናሉ፤ ስለዚህ ደብዳቤው ይጻፍ። ጉዳዩ «የሚዲያ ሽፋን እንዲሰጠን ስለመጠየቅ» ይሁን፣ ለዜና ክፍሉ ወይም ለሚመለከተው ፕሮግራም አዘጋጅ ይድረስ፣ የስልክ ቁጥር ይኑረው። የአደባባይ ዝግጅት ከሆነ የወረዳውንና የፖሊስን ፈቃድ ቅጂ አያይዙ። ጋዜጠኛው ካሜራ አውጥቶ «ማን ፈቀደላችሁ?» ተብሎ ከተመለሰ ሁለተኛ አይመጣም።

ሥራውን የሚሠራላችሁ ግን ደብዳቤው አይደለም፤ ከእሱ ጋር የምትሰጡት አንድ ገጽ ዜና ነው። አዘጋጁ ጥቂት ቃል ለውጦ ሊያነበው እንዲችል አድርጋችሁ ጻፉት። መግቢያው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ በከተማችን ዋና አደባባይ ማንኛውም ሰው ያለ ምንም ክፍያ ጨረቃንና ፀሐይን በቴሌስኮፕ ማየት ይችላል። ሦስት ቴሌስኮፖች ይቀርባሉ፤ ተማሪዎች፣ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ቅድሚያ ያገኛሉ።» ክበቡ መቼ እንደተመሠረተ፣ ራእዩና ተልእኮው፣ የቦርዱ ሰብሳቢ ማን እንደሆኑ ሁሉም ወደ ታች ይውረድ፤ ባይገባም አይጎዳም።

ሰዓትና ቀን ስትጽፉ ተጠንቀቁ። ከውጭ የምታገኙት የግርዶሽ ሰንጠረዥ በዓለም አቀፍ ሰዓት የተሰላ ነው። 3 ሰዓት ስትጨምሩበት የእኛ አካባቢ ሰዓት ይሆናል፤ በእኛ አቆጣጠር ለመጻፍ ደግሞ 6 ትቀንሳላችሁ። አንዱ አባል ጨምሮ ሌላው ሳይቀንስ የወጣ ማስታወቂያ ሕዝቡን በተሳሳተ ሰዓት ሜዳ ላይ ያቆማል። በእኛ አቆጣጠር ጻፉ፣ ጠዋት ይሁን ማታ ለይታችሁ ግለጹ፣ ከአንድ በላይ ሰው ያረጋግጠው።

የምትልኩበትን ቀን በየሚዲያው ዓይነት ለዩ። ሪፖርተር ረቡዕና እሑድ፣ አዲስ አድማስ ቅዳሜ ነው የሚወጡት፤ ለእንዲህ ያሉ ጋዜጦች ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ድረሱ። ለሬዲዮ የሳይንስ ወይም የወጣቶች ፕሮግራም አዘጋጅ በቀጥታ መደወል ይሻላል። ለቴሌቪዥን ደብዳቤው ከሳምንት በፊት ይግባ፣ በዋዜማው በስልክ አስታውሱ፤ የሥራ ምደባው ብዙ ጊዜ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። የከተማችሁን ኤፍኤምና የማኅበረሰብ ሬዲዮ አትናቁ። እኔ ብጠየቅ ከዋና ከተማው ትልቅ ጣቢያ በፊት እነሱ ዘንድ እሄዳለሁ፤ አድማጫቸው ወደ ሜዳው በእግሩ መምጣት የሚችል ሰው ነውና።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ለጋዜጠኛ ፖስታ መስጠት በየዝግጅቱ የተለመደ ሆኗል። እናንተ አታድርጉት። የበጎ ፈቃድ ክበብ ሽፋን መግዛት አይገባውም፤ የተገዛው ዜናም ገንዘቡ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ቦታው ሩቅ ከሆነ መኪና እንደምታዘጋጁ በጥሪው ላይ ጻፉ፤ ሜዳው ላይ ለሁሉም የቀረበው ሻይና ዳቦ ለእነሱም ይቅረብ። አበል የሚጠይቅ ካለ «ክበባችን አይከፍልም፤ ለሥራው የሚያስፈልገውን መረጃና ምስል ግን በሙሉ እናቀርባለን» ብላችሁ በአክብሮት መልሱ። ስለ ሰማዩ ከልቡ የሚጓጉ ወጣት ጋዜጠኞች አሉ፤ ጊዜያችሁን ለእነሱ ስጡ።

ሜዳው ላይ

ለጋዜጠኞቹ አንድ ቴሌስኮፕና አንድ ሰው መድቡላቸው። ሰልፉን አቋርጠው ሲገቡ አረጋዊው ወደ ኋላ ከተገፉ ዝግጅቱ ዓላማውን ስቷል። የካሜራ መብራት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፦ ዐይን ጨለማን ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስድበታል፣ አንድ ጊዜ የበራ ኃይለኛ መብራት ያን ሁሉ ያጠፋዋል። ምሽት ላይ የሚመጣ ቡድን ካለ ከዋናው ሜዳ ራቅ ያለ ጥግ አዘጋጁለት፣ ቀይ መብራት ስጡት፣ ምክንያቱንም አስረዱት። ሲገባው ራሱ ይጠነቀቃል፤ እንዲያውም ስለዚህ ነገር ይዘግባል።

ፀሐይን የምታሳዩ ከሆነ ደኅንነት ከዜና ይቀድማል። ማጣሪያው የሚገጠመው በቴሌስኮፑ ፊት፣ ብርሃኑ ከሚገባበት በኩል ነው። የግርዶሽ መነጽር አድርጎ ማጣሪያ በሌለው ቴሌስኮፕ ማየት ዐይንን በቅጽበት ይጎዳል። መነጽሮቹ አይኤስኦ 12312-2 የተባለውን መስፈርት ያሟሉ ይሁኑ። የራጅ ፊልም፣ በጥላሸት የጠቆረ መስታወትና ሲዲ እንደማይሆኑ ለጋዜጠኛው ደጋግማችሁ ንገሩት፤ ይህ ምክር በሬዲዮ ከተላለፈ ሜዳችሁን ያልረገጠ ልጅ ዐይን ይተርፋል። የካሜራ ባለሙያውንም አትርሱት፤ ሌንሱን ወደ ፀሐይ የሚያዞር ከሆነ ለእሱም ቁራጭ የማጣሪያ ወረቀት ያዙለት።

ምስል ራሳችሁም አንሱ። የስልክ መያዣ በቴሌስኮፑ ዐይን ላይ ገጥሞ የጨረቃን ፎቶ ማንሳት የሚችል አባል ይመደብ። ዋናው ፎቶ ግን ጨረቃዋ አይደለችም፤ ጨረቃዋን ያየው ሰው ፊት ነው። የልጆችን ፎቶ ከወላጅ ፈቃድ ውጪ አትላኩ። ለጋዜጦች በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ አለበለዚያ ጥራቱ ወርዶ ለሕትመት አይሆንም። በጥሪ ወረቀታችሁ ላይም የሀብልን ቴሌስኮፕ ባለ ቀለም ምስል አትለጥፉ። ሳተርን በትንሽ ቴሌስኮፕ ትንሽ ናት፤ ቀለበቷ ግን በእውነት ይታያል፤ ሰውን የሚያስደምመውም ያ እውነተኛው ነገር ነው።

ማን ይናገር?

የሁሉም አባል አፍ ለማይክሮፎን አይበጅም። ሁለት ሰው ምረጡ፦ አንዱ ነገሩን በቀላል አማርኛ በግማሽ ደቂቃ የሚያስረዳ፣ ሌላው በአካባቢው ሌላ ቋንቋ የሚናገር። በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ ወይም በሶማሊኛ የሚናገር አባል ካላችሁ ለዚያ ቋንቋ አዘጋጅ በስሙ አስታውቁ፤ ብዙ ጣቢያዎች በየቋንቋው ራሱን የቻለ ክፍል አላቸው፣ ተናጋሪ ማግኘትም ይቸግራቸዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ተናጋሪ ግን ከሰልፉ የወጣው ሰው ነው። ሊስትሮው፣ ጡረተኛው መምህር፣ ገበያ ውላ የምትመለሰው እናት ምን እንዳዩ ሲናገሩ፣ የክበቡ ሊቀ መንበር ከጎን ዝም ብሎ መቆምን ይልመድ።

የሚመጡት ጥያቄዎች ይታወቃሉ። «ከእንጦጦው በምን ይለያል?» ይባላል፤ በእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ያሉት ሁለት ቴሌስኮፖች እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስታወት ያላቸው የምርምር መሣሪያዎች ናቸው፣ የእናንተ ለሕዝብ ዐይን የቀረበ ነው። «ኮከቤን ትነግሩኛላችሁ?» የሚልም አለ፤ ሳትስቁበት፣ እናንተ የምታዩት ከዋክብቱ ከምን እንደተሠሩና ወዴት እንደሚጓዙ መሆኑን ንገሩት። ግርዶሽ የቁጣ ምልክት ነው ብለው የሚያምኑ አባት ቢመጡ በካሜራ ፊት አትከራከሯቸው። የሚቀጥለው ግርዶሽ በየትኛው ቀንና ደቂቃ እንደሚመጣ ንገሯቸው፤ ሲደርስም አብራችሁ እንድታዩ ጋብዟቸው።

ዝግጅት በሌላችሁ ጊዜም ለጋዜጠኞች የምትጠቅሙት በዚሁ እውቀት ነው። ማርስ የጨረቃን ያህል ትታያለች የሚለው ወሬ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ሲመላለስ ኖሯል፤ ሐሰት ነው። «ሱፐርሙን» ሲባል ደግሞ ለምድር በጣም የቀረበችው ሙሉ ጨረቃ በጣም ከራቀችው በስፋት 14 በመቶ ያህል ብቻ ትበልጣለች። እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሣ ቀድማችሁ ለምታውቁት አዘጋጅ አጭር መልእክት ላኩ። ለሁለትና ለሦስት ጊዜ የታመነ መረጃ ከሰጣችሁት፣ በሌላ ቀን እሱ ራሱ ይደውላል።

ደመና ቢመጣስ?

ይመጣል። የ2019ኙ ግርዶሽ የሚውለው በሐምሌ መጨረሻ፣ በክረምቱ መሐል ነው፤ ለደጋው ከተሞች ከባድ ነው። በጥሪው ላይ የመጨረሻው ውሳኔ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚታወቅና በየትኛው ስልክ እንደሚነገር ጻፉ። ሰማዩ ባይከፈትም የሚሠራ ነገር ይዘጋጅ፦ የቴሌስኮፕ አሠራር ማሳያ፣ የልጆች ጥያቄና መልስ፣ ሰማዩ ከጠራበት አካባቢ በስልክ የሚላክ ምስል። «ደመና ስለሆነ ተሰርዟል» ከማለት «ደመና ነው፣ እኛ ግን እዚህ ነን» ማለት ይሻላል፤ ለሬዲዮ ደግሞ ደመናው ራሱ ጥሩ ወሬ ነው።

በማግስቱ

ያልመጡት ጣቢያዎች ዘንድ በዚያው ሌሊት ሦስት ፎቶና አምስት መስመር ጽሑፍ ይድረስ። የመጣውን ሰው ብዛት ስትጽፉ ቆጥራችሁ ይሁን፤ በር ላይ በእጅ ቆጣሪ ወይም በወረቀት መስመር እያሰመረ የሚይዝ አንድ አባል ይበቃል። ዜናው ሲወጣ ስሕተት ልታገኙበት ትችላላችሁ፣ ቀኑ ወይም የፕላኔቱ ስም ተዛንፎ። በፌስቡክ አታጋልጡ። ለጋዜጠኛው ደውላችሁ፣ መጀመሪያ ስለ ዘገባው አመስግኑ፣ ከዚያ ትክክለኛውን ንገሩት፤ ጽሑፉ በድረ ገጽ የወጣ ከሆነ እንዲያስተካክለው ጠይቁ። የመጡትን ሁሉ ስም፣ የሚሠሩበትን ክፍልና ምን እንደጠየቁ በአንድ ደብተር ጻፉ። ጋዜጠኛ ጣቢያ ይቀይራል፣ የክበብ አመራርም ይለወጣል፤ ስለዚህ ደብተሩ በአንድ ሰው ስልክ ውስጥ ሳይሆን በክበቡ መዝገብ ይቀመጥ፣ ለሚቀጥለው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊም በፊርማ ይተላለፍ።